«ጠቅ» ብላ ዝም የምትለው ሃይሉክስ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። «ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፍልዎት። የአባቴን ደብል ካቢን ሃይሉክስ ነው የምነዳው፤ ባለ 5ኤል የናፍጣ ሞተር ናት። ድንች እየጫንኩ አዲስ አበባ እመላለስባታለሁ። ከሁለት ወር ወዲህ ቁልፉን ሳዞር አንድ ጊዜ ‹ጠቅ› ትልና ዝም ነው። አንዳንዴ አሥር ጊዜ ስሞክር ምንም እንዳልነካት ተነስታ ትሄዳለች። ከተገፋች ወዲያው ትነሳለች። ጠዋት ብቻ ነው እንዳልል፣ ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ገብቼ ነዳጅ ልቀዳ ሳጠፋት እዚያው ማደያው ላይ እምቢ አለችኝ። የፊት መብራቷ ደማቅ ነው። ባለ 70 አምፒር አዲስ ባትሪ ገዛሁ፣ ለውጥ የለም። አሮጌውን ለአጎቴ ልጅ ሰጠሁት። አሁን ደግሞ መካኒኩ ‹ሞተሪኖው ሞቷል፣ ሙሉውን ቀይር› አለኝ። ልግዛ?»

አትግዛ። ቢያንስ ዛሬ አትግዛ።

ጋራዥ ውስጥ ከተቃጠለ ዕቃ ይልቅ ደህና ሆኖ ሳለ የተቀየረ ዕቃ ብዙ አይቻለሁ። አሮጌው ባትሪህም አንዱ ይመስለኛል።

ደግነቱ ጥያቄህን በደንብ ጽፈኸዋል። ብዙ ሰው «መኪናዬ አልነሳ አለች» ብሎ ብቻ ይልካል። አልነሳ አለች ሲባል ግን ሁለት የተለያየ በሽታ ነው። ሞተሪኖው (ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ሞተር) እየዞረ ሞተሩ አልይዝ ካለ ናፍጣውን፣ አየሩን፣ ማሞቂያ ካንዴላውን እናያለን። ሞተሪኖው ጭራሽ ካልዞረ ግን እነዚህን ሁሉ ትተን ወደ ኤሌክትሪኩ እንሄዳለን። ያንተ ሁለተኛው ነው።

እስቲ ራስህ የጻፍከውን መልሰን እናንብበው።

ስትገፋ ወዲያው ትነሳለች ብለሃል። 5ኤል ባለ ሜካኒካል የናፍጣ ፖምፓ ነው። አንዴ ከዞረ በኋላ ለመሥራት ከባትሪው የሚፈልገው ነገር በጣም ትንሽ ነው። ፖምፓው ላይ ናፍጣውን የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት) አለ፤ ቁልፉ ሲከፈት እሱ 12 ቮልት ካገኘ ይበቃል። ተገፍታ ከተነሳች ናፍጣው ደህና ነው፣ ፖምፓው ደህና ነው፣ ሞተሩም ደህና ነው ማለት ነው። ችግሩ ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ባለው መንገድ ላይ፣ ወይም ራሱ ሞተሪኖው ውስጥ ነው። (ስትገፋ ግን ተጠንቀቅ። ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ ፍሬኑም መሪውም ይከብዳሉ። ቁልቁለት ላይ ብቻህን እንዳትሞክረው።)

ማደያው ላይ እምቢ አለችኝ ያልከው ደግሞ ለእኔ ትልቁ መረጃ ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያን ሁሉ መንገድ ዲናሞው ባትሪውን ሲሞላ መጥቷል። ሞተሩ ሞቋል፣ ዘይቱ ቀጥኗል። እንዲህ ባለ ሰዓት ባትሪ ደከመኝ የሚልበት ምክንያት የለውም። ጠዋት ብቻ ቢሆን ኖሮ አገራችሁን እጠረጥር ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ውርጭ ይወርዳል፤ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ደግሞ ባትሪ ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። ሞተሩም በወፈረ ዘይት ውስጥ ለመዞር ይንገታገታል። ነገር ግን ቀን፣ በሙቀት፣ ከረጅም መንገድ በኋላ? አይመስለኝም።

መብራቷ ደማቅ ነው ማለትህ ግን ብዙም አያጽናናኝም። ሁለቱ የፊት መብራቶች አንድ ላይ 10 አምፒር ቢበሉ ነው። የናፍጣ ሞተር ሞተሪኖ ግን ሲዞር ከ150 አምፒር በላይ ይጎትታል፤ በብርድ ጠዋት ከ200 ሊያልፍ ይችላል። ለመብራቱ የበቃ ግንኙነት ለሞተሪኖው ላይበቃ ይችላል። የላላ፣ የዛገ፣ በግማሽ የተበጠሰ ገመድ አምፖል አብርቶ ሞተሪኖ ማዞር ሲያቅተው በየቀኑ የማየው ነገር ነው።

አሁን ወደ «ጠቅ» እንምጣ።

ቁልፉን ስታዞር በቀጭን ሽቦ በኩል ሞተሪኖው ጀርባ ላይ ወዳለው ሶሌኖይድ ኤሌክትሪክ ይሄዳል። ሶሌኖይዱ አንድ የብረት ዘንግ ይስባል። ዘንጉ ሁለት ሥራ አለው። ፊት ለፊት የሞተሪኖውን ጥርስ ገፍቶ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር አብሮ ከሚዞረው ትልቅ ክብ ብረት) ጥርስ ጋር ያገናኘዋል። ከኋላ ደግሞ ጫፉ ላይ ያለችው ክብ መዳብ ከሁለት ወፋፍራም መዳቦች ጋር ትጋጠማለች። ከባትሪው በወፍራሙ ገመድ የመጣው ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሪኖው የሚገባው በእነዚያ መዳቦች ነው። የምትሰማው «ጠቅ» ዘንጉ ሲሳብ ነው። ስለዚህ አንድ ጠንካራ «ጠቅ» ከሰማህ ቁልፉ፣ ቀጭኑ ሽቦና ፊውዙ ሥራቸውን ሠርተዋል። ባትሪ ሲደክም ድምፁ ሌላ ነው፤ «ጠጠጠጠጠ» እያለ ይንቀጠቀጣል። ምክንያቱም ዘንጉ ይሳባል፣ ቮልቱ ይወድቃል፣ ዘንጉ ይለቃል፣ እንደገና ይሳባል። አንተ የጻፍክልኝ አንድ «ጠቅ»ና ዝምታ ነው።

ይህን ሁሉ ስደምረው እጄ ወደነዚያ መዳቦች ይጠቁማል። ግን መጠቆም ሌላ፣ መለካት ሌላ። መካኒክህም ጠቁሞ ነው የሄደው።

ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ከሌለህ ተዋስ። ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርገው። ማርሹን ዜሮ አድርግ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ። ቁልፍ የሚያዞርልህ ሰው አጠገብህ ይኑር። በልኬት መሃል ሞተሩ እየተነሳ ካስቸገረህ ፖምፓው ላይ ያለውን የናፍጣ መዝጊያ ሽቦ ለጊዜው ንቀለው።

መጀመሪያ ባትሪውን ያለ ሥራ ለካው። ሌሊቱን ያደረ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ካሳየ ግማሽ ነው። ከ12 በታች ከሆነ መጀመሪያ ቻርጅ አስደርገህ ተመለስ፤ በደከመ ባትሪ የሚሠራ ምርመራ ሁሉ ይዋሻል።

ቀጥሎ የቴስተሩን ጫፎች ራሱ ፖሉ ላይ አድርግ፤ ፖሉን የጨበጠው ማሰሪያ ላይ እንዳይሆን፣ ፖሉ እርሳሱ ላይ። ረዳትህ ቁልፉን ያዙር። እዚህ ላይ ሦስት ዓይነት ነገር ልታይ ትችላለህ። ቮልቱ 8 ወይም 7 ድረስ ከወረደ ባትሪው ደካማ ነው፣ ወይም ሞተሪኖው ተጣብቆ ከልክ በላይ እየጎተተ ነው። ሞተሪኖው እየዞረ 9.6 እና ከዚያ በላይ ላይ ከቆየ ጤነኛ ነው። «ጠቅ» ብሎ ቮልቱ 12 ገደማ ላይ ንቅንቅ ካላለ ደግሞ ሞተሪኖው ከባትሪው ምንም አልጎተተም ማለት ነው። መንገዱ የሆነ ቦታ ላይ ተቆርጧል። ያንተ ይህ እንደሚሆን እገምታለሁ።

የት ተቆረጠ? አሁን ከመኪናዋ ስር መግባት አለብህ። ድንጋይ ከጎማው ስር ሳታደርግ እንዳትገባ።

ሞተሪኖው ላይ ሦስት ቦታ ታገኛለህ። ወፍራሙ የባትሪ ገመድ የታሰረበት 30 ይባላል። ቀጭኑ የቁልፍ ሽቦ የገባበት 50 ነው። ከሶሌኖይዱ ወጥቶ ወደ ሞተሪኖው ሆድ የሚገባው አጭር ወፍራም ገመድ የታሰረበት ደግሞ ሲ ነው። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ የሞተሪኖው አካል ላይ፣ ንጹሕ ብረት ላይ አስነካ። ቀዩን 30 ላይ። ቁልፉ ይዙር። እዚህ ያገኘኸው ባትሪው ላይ ካየኸው ጋር ተቀራራቢ መሆን አለበት። ከግማሽ ቮልት በላይ ልዩነት ካለ ገመዱ ወይም ማሰሪያው ነው የበላው። 50 ላይ አስነካ፤ ቁልፉ ሲዞር 10 ቮልት ገደማና ከዚያ በላይ ይምጣ። ከዚያ ሲ ላይ አስነካ።

30 ላይ 12 ቮልት እያለ፣ 50 ላይ ደህና ቮልት እየመጣ፣ «ጠቅ» እያለ፣ ሲ ላይ ግን ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ነገር ካገኘህ፣ አለቀ። መዳቦቹ ናቸው። ሲ ላይ 12 እየደረሰ ሞተሪኖው ካልዞረ ደግሞ ውስጥ ያለው ካርቦን፣ ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያደርሰው፣ አልቋል። ካርቦን ፈጽሞ ካለቀ አብዛኛውን ጊዜ «ጠቅ» የሚለውም ድምፅ ይደክማል ወይም ይጠፋል፤ ዘንጉን የሚስበው አንዱ ጥቅልል በካርቦኑ በኩል ነው የሚያልፈው።

አሁን መዳቦቹን ላሳይህ። በነዚህ ሃይሉክሶች ላይ የሚገጠመው የዴንሶ ሞተሪኖ ከኋላው ክብ ክዳን አለው፤ በ3 ትናንሽ ብሎን ነው የሚታሰረው። ክዳኑ ሲነሳ ዘንጉ ከነስፕሪንጉ ይወጣል። ከውስጥ ግራና ቀኝ ሁለት መዳቦች ተቀምጠዋል። አዲስ ሲሆኑ ወፍራምና ለጥ ያሉ ናቸው። የሠሩት ደግሞ ጥርስ የገጠበው የቆሎ ፍሬ ይመስላሉ። መሃላቸው ተበልቶ ጎድጉዷል፣ ዙሪያው ጠቁሯል። ሞተር በተነሳ ቁጥር ብልጭታ ትንሽ ትንሽ ትበላቸዋለች። የባትሪው ገመድ የሚመጣበት ወገን ከሌላው ቀድሞ ያልቃል። አንደኛው ሲያልቅ ክብ መዳቧ ሌላውን ትነካና ያለቀው ጋ ሳትደርስ ትቀራለች። «ጠቅ»፣ ከዚያ ዝም።

አሥር ጊዜ ስትሞክር አንዷ ለምን እንደምትሳካም እዚህ ታየዋለህ። ያች ክብ መዳብ በየሙከራው ትንሽ ትንሽ ትዞራለች። ያልተበላ ጎኗ ካለቀው መዳብ ፊት ሲመጣ ትነካለች፣ ሞተሩም ይነሳል። አንተም «ዳነች» ብለህ ትሄዳለህ።

እነዚህ መዳቦች ለብቻቸው ይሸጣሉ። አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ገብተህ «የሞተሪኖ ኮንታክት» ካልክ ያውቁሃል። አሮጌውን ፈተህ ይዘህ ሂድ፤ ቅርጹ ከሞተሪኖ ሞተሪኖ ይለያያል፣ የግራና የቀኙም አንድ ላይሆን ይችላል። ዋጋው ከሙሉ ሞተሪኖ ጋር ሲነጻጸር የሻይ ነው። ዘንጉ ላይ ያለችው ክብ መዳብም ተቦርቡራ ከሆነ አብራ ትቀየር። እሷን ትተህ ሁለቱን ብቻ ብትቀይር በጥቂት ወር ውስጥ እንደገና እንጻጻፋለን።

ስለ ሞተሪኖ ግዢ አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኛው ሰው የሚገዛው ከሌላ መኪና የወረደ ሞተሪኖ ነው። ያ ሞተሪኖ ስንት ዓመት እንደሠራ፣ መዳቡ ስንት እንደቀረው ማን ያውቃል? ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል እንጂ ውስጡን ያየው የለም። ያንተ ሆዱ ጤነኛ ከሆነ ከማታውቀው የሰው ሞተሪኖ ይልቅ የራስህን አሳድሰው።

ግን ገና አልጨረስንም። ክዳኑን ከመፍታትህ በፊት ማሳውን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በብረቱ በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበትን ግንኙነት፣ እይልኝ። ይህን የምልህ በራሴ ደርሶ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ፒካፕ መጣልኝ። ምልክቱ ልክ እንዳንተ ነው፤ መብራት ደማቅ፣ አንድ «ጠቅ»፣ ዝምታ። እኔም በልበ ሙሉነት «ሞተሪኖ ነው» አልኩ። ሰውየው አምኖኝ ገዛ። ገጠምኩት። «ጠቅ»። ዝም። ላቤ በጀርባዬ ወረደ። አሠሪ ጌታዬ ከሻዩ ተነስቶ መጣና ኮፋኖውን ከፍቶ ለአፍታ አየ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀ፤ «ይቺ መኪና ቀለም የተቀባችው መቼ ነው?» አዎ፣ ከወር በፊት ሙሉ ቀለም ተቀብታ ነበር። ቀቢው ሞተሩን ከአካሉ ጋር የሚያገናኘውን የማሳ ገመድ ፈትቶ፣ ከስሩ ያለውን ብረት ጥሩ አድርጎ ቀብቶ፣ ገመዱን ቀለሙ ላይ መልሶ አስሮታል። ጌታዬ በብርጭቆ ወረቀት ጠረገውና አሰረው። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። የሰውየውን ፊት እስከዛሬ አልረሳውም። አዲሱን ሞተሪኖ መልሼ፣ ገንዘቡን ከደሞዜ ነው የከፈልኩት።

የፊት መብራት ማሳውን የሚያገኘው ከመኪናው አካል ነው። ሞተሪኖ ግን ማሳውን የሚያገኘው ከሞተሩ ብሎክ ነው። ስለዚህ በአካሉና በሞተሩ መካከል ያለው ገመድ ሲበላሽ መብራት ይደምቃል፣ ሞተሪኖ ይሞታል። መለካቱ ቀላል ነው። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ፖል ላይ፣ ቀዩን የሞተሩ ብሎክ ላይ አድርግ። ቁልፉ ይዙር። ከ0.2 ቮልት እስከ 0.3 ድረስ ቢያሳይ ግድ የለም። 1 ወይም 2 ቮልት፣ ከዚያም በላይ ካሳየ ማሳው ነው። ቴስተር ለሌለው ሰው ደግሞ ማገናኛ ኬብል አለ፤ አንዱን ጫፍ ኔጌቲቩ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ ንጹሕ ብረት ላይ ቀጥ አድርጎ አስሮ ቁልፉን ማዞር። ያኔ ከተነሳች ምሥጢሩ ወጣ።

ቴስተር አንዳንዴ ያታልላል፣ እሱንም እወቅ። በአንዲት ፀጉር በምታህል የሽቦ ክር የተንጠለጠለ ገመድ ምንም ካልጎተተ 12 ቮልት ያሳይሃል። ስለዚህ እኔ ኪሴ ውስጥ የፍሬቻ አምፖል አለኝ፤ ባለ 21 ዋት፣ ሁለት ሽቦ የተበየደበት። ቀጭን ሽቦ ስፈትሽ እሱን ነው የማስነካው። አምፖሉ ከፈዘዘ ቴስተሩ የፈለገውን ይበል፣ ያ ሽቦ ታሟል። ሥራህን ከሚያሳምሩ ነገሮች ሁሉ ርካሹ ነው።

ለሌሎች አንባቢዎች ስል በአጭሩ፦ ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» እንኳ ከሌለ ታሪኩ ከቀጭኑ ሽቦ ይጀምራል። ፊውዝ፣ ሪሌ፣ የቁልፉ ማዞሪያ ራሱ፤ አውቶማቲክ ማርሽ ከሆነ የማርሹ ስዊች፤ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ የማይነሳ ዓይነት ከሆነ የፔዳሉ ስዊች። አላርም ወይም ጂፒኤስ የተገጠመለት መኪና ከሆነ ግን እኔ ሌላ ሳልነካ በቀጥታ ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ስር ነው የምገባው። ገጣሚዎቹ የሞተሪኖውን ሽቦ ቆርጠው በመሃል ያስገቡታል። ጠምዝዘው በፕላስተር ይጠቀልሉታል፤ በዓመቱ ፕላስተሩ ይላላል፣ ሽቦው ይጠቁራል።

መንገድ ላይ ከቀረህ ደግሞ ከአይሱዙ መኪና ባትሪ ስትዋስ ዓይንህን ክፈት። ብዙዎቹ የጭነት አይሱዙዎች ሁለት ባትሪ አገናኝተው በ24 ቮልት ነው የሚሠሩት። ከአንደኛው ባትሪ ሁለት ፖል ብቻ ተዋሰው። ሁለቱን አንድ ላይ ከያዝክ የዲናሞህን ሬጉሌተር ወይም አምፖሎችህን ልትሸኛቸው ትችላለህ።

መካኒኩ ሞተሪኖውን በመዶሻ ኮርኮም የሚያደርግ ዓይነት ከሆነ አትቆጣው፤ አንዳንዴ ይሠራል። የተጣበቀ ካርቦን ወይም የተበላ መዳብ በንዝረት ለጊዜው ይነካካል። ቤት ያስገባሃል፣ አያድንህም። 30 እና 50ን በካቻቪቴ ማገናኘቱን ግን እኔ አልመክርም። ማርሽ ውስጥ ያለች መኪና በዚህ መንገድ ተነስታ ከስሯ ያለውን ሰው ስትረግጥ ምን እንደሚሆን ላንተ አልነግርህም።

ሥራውን የሚሠራልህ ሰው ሞተሪኖውን ከመንካቱ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍታ። በቁጥር 10 ቁልፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ወፍራሙ ገመድ ከባትሪው በቀጥታ ነው የሚመጣው፤ ቁልፉ ቢዘጋም ሁልጊዜ 12 ቮልት አለበት። ቁልፍህ በአንድ በኩል እሱን፣ በሌላ በኩል አካሉን ከነካ ብየዳ ነው። ቀለበትና የብረት ሰዓት ካደረግህ አውልቅ። ሲታሰር ኔጌቲቩ መጨረሻ ይታሰራል። ፖሎቹ ላይ ነጭ ዱቄት ካለ በሙቅ ውሃ እጠበው፣ አድርቀው፣ ካሰርከው በኋላ ግራሶ ቀባ አድርገው።

ከተሠራ በኋላ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ለካ። ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው። 12.5 ላይ ከቀረ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ እይ፣ ከዚያ ራሱን ዲናሞውን። ይህም ደህና ከሆነ አዲሱ ባትሪህ ብዙ ዘመን ያገለግልሃል።

አሮጌውም ባትሪ ሳይሆን አይቀርም ደህና የነበረው። የአጎትህን ልጅ ሄደህ ጠይቀው፤ ሌሊቱን አሳድሮ 12.6 የሚያሳይና የእሱን መኪና የሚያስነሳ ከሆነ ምንም አልሆነም ማለት ነው። እንዲመልስልህ መጠየቁ ግን የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም።